ማባከንም ሙያ ይጠይቃል

አዲስ አበቤ መዝናናት ሲያምረው ወደ ታች ነው የሚወርደው። ዓመቱን ሙሉ በብርድና በትራፊክ መጨናነቅ ሲቀጣ የከረመ ሰው፣ በዓልና እሑድ የተያያዙለት ጊዜ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ይጠቀጥቅና ወደ ስምጥ ሸለቆው ይንደረደራል። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ከአዳማም አለፍ ብሎ ሶደሬ፤ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ለታጠፈ ደግሞ መቂ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ። እየተወረደ ሲኬድ አየሩ ይሞቃል፤ ሹራብ ይወልቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ቁጥር በቀነሰ መጠን የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ይላል። ሐይቅ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የሐይቁም ኪራይ ይታሰባል።

መሄጃ የማጣት ነገር የለም። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ፣ ቁርሱን ቤቱ የበላ ሰው ለምሳ አዳማ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። ቢሾፍቱ ሐይቆቿን በሪዞርት ከብባለች፤ የኩሪፍቱ የውኃ መናፈሻ ደግሞ ልጆች ወላጆቻቸውን መውጫ መግቢያ የሚያሳጡበት ቦታ ሆኗል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሩጫው የተረፈውን ጉልበት ወደ ሆቴል አዙሮ አዳማ ላይም ስሙን ሰቅሏል። ነገሩ አዲስም አይደለም። ከዚያ በፊት አቶ በቀለ ሞላ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ መንገድ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ሆቴሎቻቸውን ደርድረው ነበር፤ ላንጋኖ ዳር ተቀምጦ በቢላና በሹካ የበላ ሰው ለወራት የሚያወራው ወግ አያጣም ነበር።

እኔን የሚገርመኝ የሚወጣው ገንዘብ አይደለም። ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ በአንድ ምሳ ቢጨርሰው መብቱ ነው። አባቶቻችን ለሠርግና ለተዝካር ጎተራ ሲያራግፉ ማን ምን አላቸው? የሚገርመኝ ማባከኑን አለመቻላችን ነው። ገንዘቡን ማውጣት እንችልበታለን፤ በወጣው ገንዘብ መደሰት ላይ ግን ገና ጀማሪዎች ነን። እንደ ሀብታም ከፍለን እንደ ድሃ እየቆጠርን፣ በአንድ እጃችን በትነን በሌላው እየለቀምን፣ ደስታውንም ቁጠባውንም ሳናገኝ ሽቅብ እንመለሳለን።

ነገሩ የሚበላሸው ከምርጫው ነው። ምርጫው የሚካሄደው መኪና ውስጥ ነው።

«ያ ሐይቁ ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ ይሻላል» ይላል አባወራው።

«እሱማ አርጅቷል፤ አሁን ሰው የሚሄደው አዲሱ ጋ ነው» ትላለች የሚስቱ እህት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

«ቲክቶክ ላይ ዥዋዥዌ ያለበት አይቻለሁ፣ እሱ ጋ እንሂድ!» ይላል ልጅ።

«ሽንት ቤቱ ንጹሕ ይሁን እንጂ እኔ የትም ይመቸኛል» ይላሉ አማት። በጉዞው ሁሉ ከተነገሩት ሐሳቦች አስተዋዩ ይኸው ነው።

ክርክሩ እስከ ሞጆ ይዘልቃል። ስለ ሐይቁ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ዥዋዥዌው፣ ባለፈው እዚያ ስለታየው ዘፋኝ ይወራል። እዚያ ቤት ምን እንደሚበስል፣ ማን እንደሚያበስለው፣ ስንት እንደሚያስከፍል የሚያነሣ ግን የለም። በመጨረሻ አንዱ ይደውላል። «ክፍት ናችሁ? መኪና ማቆሚያ አለ? ጥሩ፣ እየመጣን ነው።» አበቃ። ዋጋ መጠየቅ ድህነትን መናዘዝ ይመስለዋል። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለችው ልጅ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ፊቱንም አታይም፤ ይሉኝታው ግን በስልክም ይሠራል።

ሌላው ዓለም በዚህ በኩል ሐፍረት አያውቅም። ፍሎሪዳ ባለው የዋልት ዲዝኒ መዝናኛ፣ በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ መብላት የፈለገ ቤተሰብ ወንበር ለማግኘት ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ይሻማል፤ ለአዋቂ ስንት፣ ለሕፃን ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ ያውቃል፤ ተጨቃጭቆ የሚጨርሰውም እቤቱ ሶፋ ላይ ነው። እዚያው መዝናኛ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ ያለው «ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ» የሚባል ምግብ ቤት ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አያስገባም፤ የአለባበስ ደንብም አለው። ሰው የሚሄደው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ፣ አምሮበት፣ ለመብላት ቆርጦ ነው። እኛ ዘንድ ግን አባወራው ኪሱ ውስጥ ያለውንና ምሳው የሚፈጀውን የሚያገናኛቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያውም በዘመድ ፊት።

ጠረጴዛው ላይ ወፍራም፣ ቆዳ የለበሰ የምግብ ዝርዝር ይመጣል። ይህን ዝርዝር አብዛኞቻችን የምናነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋው፣ ቀጥሎ የምግቡ ስም። ዓይን በቁጥሮቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተትና ትንሿ ቁጥር ላይ ሲደርስ እፎይ ይላል፤ ከዚያ ጣት ወደ ግራ ሄዶ የዕለቱን ዕድላችንን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ክለብ ሳንድዊች ነው። ሰው ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ፣ ለክፍያ መንገዱ ከፍሎ፣ ለመግቢያ ከፍሎ፣ ሰፈሩ ካለው ካፌ የሚያገኘውን ክለብ ሳንድዊች በሦስት እጥፍ ዋጋ ያዛል።

«ለልጆቹ አንድ ቺፕስ ይበቃቸዋል፤ ቅድም በልተዋል» ትላለች እናት። ልጆቹ ቅድም አልበሉም። «ምሳ ትልቅ ቦታ ነው የምንበላው» ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው የመጡ ናቸው።

ከገጹ ግርጌ በደቃቃ ፊደል የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም» የምትል። 1,000 ብር የሚል ያየ ሰው፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር መሆኑን የሚያውቀው ከበላ በኋላ ነው። የበላሁት የ1,000 ብሩን ነው፤ የ265 ብሩን ማን በላው እያለ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ማንም አላታለለውም፤ ጽሑፉ እዚያው ነበር። ግን ዝርዝሩን ከግርጌው ጀምሮ እያነበበ በስልኩ ማሽን ሲደምር መታየቱን ፈርቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በየዝርዝሩ ላይ አንድ ጥበብ በዝቷል፤ በአሮጌው ዋጋ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ነጭ ወረቀት። ይቺን ወረቀት በጥፍሩ ፈግፍጎ ከሥሯ ያለውን ለማየት የማይሞክር እንግዳ አላጋጠመኝም። ቢሾፍቱ ላይ አንድ አዛውንት ተራ በተራ እየላጡ ሦስተኛው ሽፋን ድረስ ሲወርዱ አይቻለሁ። በተላጠ ቁጥር ምግቡ እየረከሰ ይሄዳል። ከሁሉ ሥር ያለውን ቁጥር ሲያገኙ ጣታቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ በዚህኛው አይሆንም?» ቢሉት፣ አስተናጋጁ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እኔ ግን አዛውንቱን አደነቅኳቸው፤ በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ስለ ዋጋ አፋቸውን ሞልተው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሙያ የለንም ስል ግን በሁሉም ቦታ ማለቴ አይደለም። ያንኑ ዝርዝር ፊት ላብ ያጠመቀውን አባወራ ሞጆ ወይም አዳማ ቁርጥ ቤት ውሰዱትና እዩት። ከተሰቀለው ሥጋ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። አንዴ ሻኛውን፣ አንዴ ሽንጡን ይመረምራል። «ያንን እስቲ ገልብጠው። ከታናሹ ቀንስና ከዳቢቱ ጨምርልኝ። ጮማ አታብዛ ... ኧረ እሱንም ፈጽመህ አትተወው!» ሥጋ ቆራጩ ይቆርጣል፣ ይመዝናል፣ ይከራከራል። አባወራው የኪሎውን ዋጋ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ሲነገረው «ወየው ጉድ!» ብሎ ቤቱን ሁሉ ያሰማል፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ያዛል። ሚጥሚጣው ደከም ካለ ያስቀይራል። አዋዜው ከቀጠነ ባለቤቷን ያስጠራል። አስተናጋጅ የፈለገ እንደሆነ ሁለት እጁን ያጨበጭባል፤ ይመጣለታል። እዚህ ቤት ውስጥ ፈራጁ እሱ ነው፤ ያወጣት እያንዳንዷ ብር ምን ሆና እንደተመለሰችለት በጥርሱ ያውቃል።

ይኸው ሰው ሪዞርት ሲገባ ተማሪ ይሆናል። አስተናጋጅ ለመጥራት ጣቱን ግማሽ ያነሣና ጆሮውን ያከከ መስሎ ይመልሳታል። ስቴክ ያዛል፤ ከየትኛው ብልት እንደሆነ አይጠይቅም። «ሬር፣ ሚዲየም ወይስ ዌል ደን?» ሲባል ይደነግጥና «በደንብ ይብሰል» ይላል። ባለፈው ሳምንት ጥሬ ሥጋ በቢላ እየመተረ የዋጠ ሰው፣ የመጣለትን ስቴክ በሹካው ጫፍ ገለጥ አድርጎ መሐሉ ቀላ ማለቱን ሲያይ «ይኼማ አልበሰለም» ብሎ ይመልሰዋል። ወጥ ቤቱም የታዘዘውን ያደርጋል፤ እስኪጠቁር ይጠብሰዋል። ሁለተኛ ሲመጣ ቢላ አያስገባም። አሁን ማስመለስ ያሳፍራል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መንጋጋው እስኪዝል ያኝከዋል። ሚስቱ «እንዴት ነው?» ስትለው፣ አፉ ስለሞላ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «አሪፍ ነው» ይላታል።

ወይኑም የተሻለ ዕድል አይገጥመውም። ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠርሙሱን ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ «ሪፍት ቫሊ»ና «አካሲያ» የበዓል ጠረጴዛ አይለዩም። እዚያው ዝዋይ ተቀምጦ ግን፣ ክብር ይሆነኛል ብሎ፣ በእጥፍ ዋጋ የባሕር ማዶ ወይን የሚያስከፍት አለ። አስተናጋጁ ለመቅመሻ ጠብ ሲያደርግለት «ሙላው እንጂ፣ ምን ትሰስታለህ!» ይላል። ከዚያ አንድ ይጎነጫል፤ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ይጎመዝዛል» ብሎ ኮካ ያስመጣና ይከልሰዋል። ያን ጊዜ ይጣፍጠዋል። ኮካውን ብቻ ቢያዝ ኖሮ ግን ማን ያየው ነበር?

የመታየቱ ነገር ሲነሣ ፎቶው አይዘለልም። ምግቡ እንደመጣ «ማንም እንዳይነካ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሹካ ያነሣ ልጅ እጁን ይመታል። ሳህኑ ወደ ሐይቁ ይዞራል፤ የአበባ ማስቀመጫው ይጠጋል፤ የውኃ ፕላስቲኩ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ አማትም «ትንሽ ወዲያ ይበሉልኝ» ይባላሉ። ጥብሱ ጢሱን ጨርሶ ቅባቱ ሲረጋ «በሉ አሁን» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ግን የአስተናጋጁና የእንግዳው ንግግር ይበልጥብኛል። አስተናጋጁ የሆቴል ሙያ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ጉድ አፍተርኑን ሰር» ይላል። እንግዳውም ላለማነስ በእንግሊዝኛ ይጀምርና መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። አዳማ ውስጥ አንድ ምሳ ላይ ይህ ትግል ከአጠገቤ ጠረጴዛ ሲካሄድ እሰማ ነበር። አስተናጋጁ «ቱደይስ ስፔሻል» ብሎ አንድ ዓይነት ዶሮ ይገልጻል፤ እንግዳው «የስ፣ የስ» ይላል፤ ሁለቱም አልተግባቡም፤ ሁለቱም ያልባቸዋል። በዚህ መሐል የእንግዳው ስልክ ጮኸና በኦሮምኛ መለሰ። ስልኩን ሲዘጋ የአስተናጋጁ ፊት በርቶ «አካም ጅርታ፣ ኦቦ?» አለው። አገር ተጠያየቁ፤ አንዱ የአርሲ ነጌሌ ልጅ፣ ሌላውም ከዚያ የማይርቅ ሆነ። የአክስት ስም ተነሣ። ከዚያ አስተናጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረውን የኔም ጆሮ ለቀም አደረገው፤ ስፔሻሉ ከትናንት ቡፌ የተረፈ ነው፤ ዛሬ ከበሰለው ሁሉ የሚሻለው የፍየል ጥብሱ ነው፤ እሱንም ወጥ ቤት ላለችው እነግርልሃለሁ፤ በደንብ አድርጋ በቅቤ ትሠራልሃለች።

ያ ሰው በዚያ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ ከሁላችንም የተሻለውን ምግብ በላ፤ ዋጋውም ከስፔሻሉ ያነሰ ነበር። እኔ ራሴ ስፔሻሉን አዝዤ ነበርና ነገሩን በሚገባ ተከታትዬዋለሁ። ምስጢሩ ቋንቋው ብቻ አይመስለኝም። አስተናጋጁ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ይናገራል። «ዛሬ ምን ደህና ነገር አለ፣ ወንድሜ? አንተ ብትሆን የቱን ትበላለህ?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛም ይሠራል። እኛ ግን ሸሚዙ ነጭ፣ ሱሪው ጥቁር፣ ሰላምታው እንግሊዝኛ ሲሆን ሰው መሆኑን እንረሳና ፈታኝ እናደርገዋለን።

ሽርሽሩ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ሌላ ክርክር ይመጣል። ዝዋይ የደረሰ ሰው ዓሣ ሳይበላ ማለፍ አይሆንለትም፤ ቆሮሶው ጎኑና ጎኑ ተበጥቶ ሲጠበስ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበላል። «ዓሣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ይላል አንዱ። የካህን ልጅ ነኝ የሚለው አይቻልም ይላል፤ ሌላው ውኃ ውስጥ ያለ ነገር አይቆጠርም ይላል፤ ሁለቱም እየተከራከሩ አጥንቱን ይለቅማሉ። አብሯቸው የመጣ ሙስሊም ባልደረባ ካለ ዓሣው ሁሉንም ያስታርቃቸዋል፤ ማን ባረደው የሚባል ነገር የለበትም። ከቁርጡ ቀጥሎ በዚህ መንገድ ላይ ሳያፍሩ የሚመርጡት፣ ቀምሰውም የሚፈርዱበት ምግብ ይኸው ይመስለኛል።

ቁጠባው ደግሞ በጎን በኩል ይገባል። የብዙ መዝናኛ ቤቶች መግቢያ ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ። ጥበቃው ቦርሳ ሲከፍት ከላይ ዳይፐር ያገኛል፤ ከዳይፐሩ ሥር ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ዳቦ፣ ከዳቦው ሥር የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ የአማት ድርቆሽ። «ለሕፃኑ ነው» ይባላል። ሕፃኑ ጥርስ አላበቀለም። ዲዝኒ ራሱ እንግዳ ምግቡን ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ጠርሙስና አልኮል ብቻ አይሁን እንጂ። ስለዚህ ፍሎሪዳ ያለው ዘመዳችን ድርቆሹን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ሲበላ፣ እኛ ለስድስት ሰው መግቢያ ከፍለን ሽንት ቤት በር ላይ ተደብቀን እንቁላል እንልጣለን።

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ሶደሬ ላይ ይህን ሁሉ የሚያፈርሱት ጦጣዎቹ ናቸው። ከአዋሽ ዳር ካሉት ዛፎች ላይ ሆነው ጠረጴዛ ይመርጣሉ። ዝርዝር አያነቡም፤ ዋጋ አያዩም፤ የሚወዱትን ግን አሳምረው ያውቃሉ። ምንም የማይማርካቸውን ሳህን ትተው ሙዙንና ዳቦውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ትኩሱንም በትኩሱ ይበሉታል። በዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ይሉኝታ የሚመርጡ ተመጋቢዎች እነሱ ብቻ ናቸው።

አዳማ ሌላም ዓይነት ተመጋቢ ታውቃለች፤ የዐውደ ጥናት ሰው። መሥሪያ ቤቱና ድርጅቱ ሁሉ ሥልጠናውንና ስብሰባውን አዳማ ማድረግ ይወዳል፤ ሆቴሎቿም በዚህ ያውቁናል። በራሱ ገንዘብ ክለብ ሳንድዊች ያዘዘው ሰው በሌላ ሒሳብ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው። ስለ ሾርባው ጨው አስተያየት ይሰጣል። «ትናንት ዓሣ ነበር፣ ዛሬ ለምን ቀረ?» ብሎ ኃላፊ ያስጠራል። ላዛኛ፣ ሩዝ፣ ቀይ ወጥ፣ ጥብስና ሰላጣ በአንድ ሳህን ላይ ከምሮ ሐብሐብ ጫፉ ላይ ያስቀምጣል። አበሏን ግን አይነካትም። ይህ ሰው መምረጥ፣ መጠየቅና ቅር ማለት እንደሚችል እነሆ ታየ፤ የሚያቅተው የራሱ ብር ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። ሽሮ ቤት ቢሆን እንታገል ነበር። «እኔ እያለሁ? አይደረግም!» «በሞቴ፣ እጅህን መልስ!» እየተባለ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ አስተናጋጇ ከማን እንደምትቀበል ይጨንቃታል፤ ለጥቂት መቶ ብር። ሪዞርት ላይ ሒሳቡ በቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ ይመጣና ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል። ጸጥታ ይሰፍናል። አንዱ እጁን ሊታጠብ ይነሣል። ሌላው አስቸኳይ ስልክ ይደወልለታል። ቴሌብሩ ሞልቶ የነበረው ኔትወርክ ያጣል። አራተኛው ሐይቁ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ በጥሞና ይመለከታል። ማኅደሩን ደፍረው የሚከፍቱት አማት ናቸው፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ያነቡና «ይኼ ስልክ ቁጥራቸው ነው?» ይላሉ።

ጥፋቱ በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት «እንዴት ነበር?» ሲባል እውነቱን የሚናገር የለም። «ሌላ ዓለም በለው! አየሩ፣ ሐይቁ፣ ምግቡማ አይነገርም!» እውነቱን ቢናገር ኪሳራው ሁለት ይሆንበታል፤ አንዱ ከኪሱ፣ አንዱ ከክብሩ። ስለዚህ ያሞግሳል። የሰማው ባልደረባ በቀጣዩ በዓል ቤተሰቡን ጭኖ ይወርዳል፤ እሱም ስቴኩን አኝኮ ይመለስና ያሞግሳል። በዚህ ዓይነት ወንበሩ በየበዓሉ ይሞላል፤ ወጥ ቤቱ ቅሬታ ሰምቶ ስለማያውቅ አንድም ነገር አያሻሽልም። የሚጎዳው ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ሐይቅ ሳይኖረው፣ ዥዋዥዌ ሳይሰቅል አሳምሮ የሚያበስለው ቤት ነው። ስለ እሱ ማን ያወራል?

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላል። እኔ ግን ቆጥቡ ለማለት አልተነሣሁም። ሂዱ፤ አባክኑ፤ በዓመት አንዴ ያምርባችኋል። ነገር ግን ቁርጥ ቤት እጁን አጣምሮ የሚቆመውን ሰውዬ ይዛችሁት ግቡ እንጂ የሪዞርቱ በር ላይ አትተዉት። ስትደውሉ «ከነቫቱ፣ ከነአገልግሎቱ ስንት ነው?» በሉ። ስትቀመጡ «ዛሬ የታረደው ምንድን ነው? ስቴኩስ ከየትኛው ብልት ነው?» በሉ። ለስድስት ሰው ስድስት ክለብ ሳንድዊች ከማዘዝ ደህና የፍየል ጥብስ መሐል አስቀምጣችሁ ተጎራረሱ፤ ልጆቹንም አብሏቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀዋል። ቢላው እምቢ ካለ ሳህኑን ያለ ሐፍረት መልሱ፤ ሠርተው እንዲያመጡ ነው የሚከፈላቸው። የምትከፍሉት 1,265 ብር ከሆነ የ1,265 ብሩን ደስታ ቆጥራችሁ ተቀበሉ።

ሰኞ ስትመለሱ ደግሞ እባካችሁ እውነቱን ንገሩን። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉን፤ እኛም ስድስት ሆነን በመጪው በዓል ልንወርድ እያሰብን ነው።